ከጨረቃ ወደ መስቀል

አያቴ አንጥረኛ ስለነበሩ የአክሱምን ሳንቲም ሳይ ዓይኔ የሚቀድመው የእጅ ሥራው ላይ ነው። የንጉሥ ኢዛና የወርቅ ሳንቲም ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። ንጉሡ በሁለት የስንዴ ዛላ መካከል ተቀርጿል፤ ጽሑፉ ግሪክኛ ነው፣ የቀይ ባሕር ነጋዴ የሚያነበው። በቀደሙት ላይ ከራሱ በላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አሉ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ የምንላቸው፣ ክርስትናን ለቤተ መንግሥቱ ካስተማሩ በኋላ ግን የጨረቃዋን ቦታ መስቀል ወሰደው። ስንዴው አልተነካም። አዋጅ ያልሰማ ገበሬም ሆነ ባሕር ማዶ ያለ ሸቃጭ፣ የመንግሥቱ ሃይማኖት መለወጡን ከመዳፉ ላይ ማየት ይችል ነበር። የቀራጩ ስም ግን አልደረሰንም። ሙዚየም ስትገቡ ሐውልቱን ብቻ አይታችሁ አትውጡ፤ ሳንቲሞቹ ዘንድ ጠጋ በሉ።