የፍሎው ባትሪ ፈሳሾች፦ ቫናዲየም፣ ብረት ወይስ ሌላ?

ፍሎው ባትሪ ኤሌክትሪክን በፈሳሽ ውስጥ የሚያጠራቅም ባትሪ ነው። የስልካችን ባትሪ የታሸገ ነው፤ ኃይሉን የሚይዘውም የሚሰጠውም ያው አንዱ ዕቃ ነው። ፍሎው ባትሪ ግን ሁለት ትልልቅ ሮቶዎች አሉት። በእያንዳንዱ ሮቶ ውስጥ ኤሌክትሮላይት የሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ማዕድን የተሟሟበት ፈሳሽ አለ። ፓምፖች ሁለቱን ፈሳሾች መሐል ላይ ወዳለው ሴል ይገፏቸዋል። እዚያም በስስ ሽፋን ተለያይተው ሲያልፉ አንዱ ኤሌክትሮን ይለቃል፣ ሌላው ይቀበላል። ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ ሲሄድ ኤሌክትሪክ እናገኛለን። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንደሚወጣ የሚወስነው የሴሉ ስፋት ነው። ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ የሚወስነው ግን የሮቶው ትልቅነት ነው። ከ4 ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ማሳደግ የፈለገ ሰው ፈሳሽና ሮቶ ይጨምራል እንጂ ሴሉን አይነካም። ቀን የተሰበሰበን የፀሐይ ኃይል ለሌሊት ማቆየት ለሚፈልጉ አገሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ በሮቶው ውስጥ የሚገባው ፈሳሽ ምን ይሁን? የባትሪው ዋጋም፣ ዕድሜም፣ ሙቀት መቻሉም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ምርጫ ነው።

በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ናሳ ብረትን በአንድ በኩል፣ ክሮሚየምን በሌላው በኩል አድርጎ ሞክሮ ነበር። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ችግሩ ግን ሽፋኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ጥቂቱ ወደ ማዶ መሾለኩ አይቀርም። ብረቱ ከክሮሚየሙ ሲቀላቀል ፈሳሹ ቀስ በቀስ ይበላሻል። በዚያ ላይ ክሮሚየሙ ቀርፋፋ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግም ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል።

መፍትሔው በ1980ዎቹ ከአውስትራሊያው የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከማሪያ ስኪላስ-ካዛኮስና ባልደረቦቿ መጣ። በሁለቱም ሮቶ ያንኑ አንድ ማዕድን፣ ቫናዲየምን፣ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙተው አስገቡ። ቫናዲየም በፈሳሽ ውስጥ አራት ዓይነት ሁኔታ አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ ቀለም አለው። በአንደኛው ሮቶ ፈሳሹ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ፣ በሌላው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። አስተማሪ በነበርኩ ጊዜ እንዲህ ያለ ማሳያ በእጄ ቢኖር ኖሮ ብዙ የጠመኔ ድካም ይቀርልኝ ነበር። ዋናው ጥቅሙ ግን ቀለሙ አይደለም። አሁን ጥቂቱ ወደ ማዶ ቢሾልክ የሚያገኘው ያንኑ ቫናዲየም ነው። የያዘው ኃይል ይቀንሳል እንጂ ፈሳሹ አይመረዝም፤ ሚዛኑ ተስተካክሎ እንደገና ይሠራል።

ከዓመታት በኋላ ሴሉና ፓምፑ ቢያረጁም ቫናዲየሙ እዚያው ሮቶው ውስጥ አለ። ስለዚህ ፈሳሹን ከመሸጥ ይልቅ የሚያከራዩ ኩባንያዎች ተፈጥረዋል። ፊቅህ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ኢጃራ ትዝ ይለዋል፤ ዕቃው ሲገለገሉበት የማያልቅ መሆን አለበትና። ነዳጅ አይከራይም፣ ምክንያቱም ይቃጠላል። የቫናዲየም ፈሳሽ ነዳጅ ይመስላል እንጂ አያልቅም።

ኪራዩ ያስፈለገው ቫናዲየም ውድ ስለሆነ ነው። አብዛኛው የሚመረተው በቻይና ሲሆን ሩሲያና ደቡብ አፍሪካም ያመርታሉ። ዋነኛ ገዢው ብረት ማጠንከሪያ የሚፈልገው የብረታ ብረት ኢንዱስትሪ በመሆኑ ዋጋው የሚወጣውና የሚወርደው በግንባታ ገበያ ነው። በ2018 ጣሪያ ነክቶ በቀጣዩ ዓመት ተንኮታኩቷል። ፈሳሹ ቦታም ይወስዳል፤ አንድ ሊትሩ የሚይዘው 30 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ ይኸውም ለአንድ የ10 ዋት አምፖል የ3 ሰዓት ብርሃን ማለት ነው። ለመኪና አይሆንም፤ ለኃይል ጣቢያ ግን ይሆናል። በቻይናዋ ዳሊያን ከተማ በ2022 ከመስመር የተገናኘው ጣቢያ 100 ሜጋ ዋት ለ4 ሰዓት ይሰጣል።

ለእኛ ወንድሞችና እህቶች በሚኖሩበት በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ግን ከዋጋው ይልቅ ሙቀቱ ይከብዳል። የተለመደው የቫናዲየም ፈሳሽ የሚመቸው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በላይ ሲሞቅ፣ በተለይ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሲቆይ፣ ቢጫው ቫናዲየም ጠጣር እየሆነ ይዘቅጣል፤ መተላለፊያውንም ይደፍናል። ማቀዝቀዣ ይገጠም ቢባል እሱም ኤሌክትሪክ ይበላል። በአሜሪካ የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ2011 በሰልፈሪክ አሲዱ ላይ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢጨምሩበት ፈሳሹ እስከ 50 ዲግሪ ቻለ፤ የሚሟሟው ቫናዲየምም በዛ። ሌላው መንገድ ሙቀት የማይችለውን ቢጫውን ቫናዲየም ጨርሶ አስወጥቶ በቦታው ብረት ማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ የሴሉ ቮልቴጅ ከ1.26 ወደ 1 ቮልት ገደማ ይወርዳል፤ በምላሹ የሙቀት ሥጋቱ ይቀንሳል። የሳዑዲው አራምኮ በ2025 በሰሜን ሳዑዲ ዋድ አል ሸማል ለጋዝ ጉድጓዶች የተከለው 1 ሜጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህ የብረትና የቫናዲየም ዓይነት ነው። ለበረሃ እኔ ብጠየቅ የምመርጠውም ይህንን ነው።

ብረት ብቻውንም ይሠራል፤ ርካሽና መርዝ የሌለበት ነው፣ ነገር ግን ቻርጅ ሲደረግ ብረቱ በሴሉ ላይ ስለሚለበጥ ሮቶ ማሳደግ ብቻውን አይበቃም። ዚንክና ብሮሚን የተሻለ ኃይል ይይዛሉ፤ ብሮሚን ግን የሚያቃጥልና ለሳንባ አደገኛ ነው።

ከማዕድን የወጣ ሙከራም አለ። በ2014 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ኪኖን ከሚባሉ፣ በዕፅዋት ውስጥም ከሚገኙ ውህዶች ወገን በሆነ ሞለኪውል ባትሪ ሠርተዋል። እህቶቻችን ለኢድና ለሰርግ እጃቸውን የሚያስውቡበት የሂና ቀለምም ከዚሁ ከኪኖን ወገን ነው፤ ሁለት የሂና ቀለም ሞለኪውሎች ተጣምረው በፍሎው ባትሪ ተሞክረዋል። ፈሳሹ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ድክመቱ ከቫናዲየም በተቃራኒ ሞለኪውሉ ራሱ በጊዜ መፈራረሱ ነው፤ አንዳንዱን ፈሳሽ አየር በማስነካት የተበላሸውን በከፊል መመለስ ተችሏል።