አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ንባብ
አሮጌ ሎኮሞቲቭ በአዲስ ሥርዓት ላይ ስለሚያደርገው ጉዞ ታሪካዊ ቅኝት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያመራው አውራ ጎዳና ሐይቅን ካለፈ በኋላ ወደ አምባሰል ይዘልቅና ውጫሌን ያገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ፣ በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያ መንግሥት መልክተኛ በአንቶኔሊ መካከል አንድ ውል ተፈረመ። ውሉ አንድ ቢሆንም የተጻፈው በሁለት ቋንቋ ነበር። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣልያንኛው ንባብ ይህንኑ ግዴታ አደረገው። የዚህ ልዩነት መዘዝ እስከ የካቲት 1888 ዓ.ም.፣ እስከ ዓድዋ ድረስ እንደ ዘለቀ የታወቀ ነው።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነገረው በፖለቲካ ረገድ ነው። ይሁን እንጂ ለመሐንዲስም የሚያስተምረው ነገር አለ። አንድ መልእክት ላኪው ባሰበው መንገድ ካልተነበበ፣ ጥፋቱ በመልእክቱም ሆነ በተቀባዩ ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም፤ ጥፋቱ ሁለቱ ሳይታረቁ አብረው እንዲሠሩ በመደረጋቸው ነው። በባቡር ሐዲድ ታሪክ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ከአዲስ ሥርዓት ጋር በተገናኘ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በትልቁ ባቡር ሳይሆን በትንሹ፣ በጠረጴዛ ላይ በሚሄደው የሞዴል ባቡር ነው።

በቀድሞው፣ አናሎግ በሚባለው አሠራር፣ የሞዴል ባቡር ሐዲድ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ቮልቴጁ ሲጨምር ሎኮሞቲቩ ይፈጥናል፤ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ ሲገለባበጥ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ኃይልና ትእዛዝ አንድና ያው መሆናቸው ነው። ሐዲዱ የሚናገረው በኃይል ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ሎኮሞቲቮች ቢቆሙ ሁለቱም አንዱን ትእዛዝ ይቀበላሉ። ለያይቶ ለማዘዝ ሐዲዱን በየክፍሉ መቁረጥና ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ማብሪያ ማጥፊያ ማበጀት ግድ ነበር።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ብዙ ሙከራ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ጀኔራል ኤሌክትሪክ አስትራክ የተባለ መቆጣጠሪያ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ የእንግሊዙ ሆርንቢ ዜሮ 1 የተባለውን ለገበያ አወጣ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሥርዓት የራሱን ቋንቋ ብቻ የሚናገር ስለ ነበር፣ አንዱ አምራች የሠራው ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር። ለዘለቄታው መፍትሔ መሠረት የሆነው የጀርመኑ የሌንዝ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ይህንኑ መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሁሉም አምራች ክፍት የሆነ ደረጃ አጸደቀ። ይህም ዲጂታል የትእዛዝ መቆጣጠሪያ፣ በአጭሩ ዲሲሲ፣ የሚባለው ነው።

በአዲሱ ሥርዓት ሐዲዱ ምንጊዜም ሙሉ ኃይል እንደ ተሸከመ ይቆያል። ኃይሉ ግን ያለማቋረጥ የሚገለባበጥ ሞገድ ሲሆን፣ ትእዛዙ የተጻፈው በመገለባበጡ የጊዜ ርዝመት ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ 58 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ «አንድ»፣ 100 ማይክሮ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ «ዜሮ» ተብሎ ይነበባል። በሎኮሞቲቩ ውስጥ የሚገኘው ዲኮደር፣ ማለት ትእዛዝ ፈቺው፣ የራሱን ቁጥር እስኪሰማ ይጠብቃል፤ ሲሰማም የታዘዘውን ፍጥነትና አቅጣጫ ለሞተሩ ያስተላልፋል። እንዲህ በመሆኑ ኃይልና ትእዛዝ ተለያዩ፤ በአንድ ሐዲድም ላይ ብዙ ሎኮሞቲቮች በየራሳቸው ትእዛዝ ሊሄዱ ቻሉ።

ታዲያ ዲኮደር የሌለው አሮጌ ሎኮሞቲቭ በዚህ ሐዲድ ላይ ቢቀመጥ ምን ይሆናል? ሞገዱ በሰከንድ ከ5,000 እስከ 8,600 ጊዜ ያህል ስለሚመላለስ፣ ሞተሩ ወደ አንዱ አቅጣጫ ለመዞር ጊዜ አያገኝም። ነገር ግን ያርፋል ማለት አይደለም። ቆሞ ሳለ ያፏጫል፤ ሽቦውም ይሞቃል። ለሌሎቹ ትእዛዝ የሆነው ለእርሱ ትርጉም የሌለው ኃይል ብቻ ነው። በተለይም የብረት እምብርት የሌላቸው ቀላል ሞተሮች ሙቀቱን የሚያከፋፍሉበት አካል ስለሌላቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

የሥርዓቱ ቀያሾች ይህን በመገንዘብ ለአሮጌው አንድ መግቢያ በር ትተውለታል። ደረጃው የዜሮው ግማሽ ሞገድ እስከ 9,900 ማይክሮ ሰከንድ እንዲረዝም ይፈቅዳል። ከሁለቱ ግማሾች አንዱ ብቻ ሲረዝም ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድልና አማካዩ ቀጥተኛ ኃይል ይሆናል። ዲኮደሮቹ አሁንም «ዜሮ» ብለው ያነቡታል፤ አሮጌው ሞተር ደግሞ እንደ ወትሮው ቮልቴጅ ይቈጥረውና ይንቀሳቀሳል። አንዱ ምልክት ለሁለት አንባቢ ሁለት ትርጉም ሰጠ፤ በዚህ ጊዜ ግን ልዩነቱ ታስቦበትና በስምምነት የተደረገ ነው። ከውጫሌው ውል የሚለየውም በዚሁ ነው።

ሆኖም ይህ ዘዴ ወሰን አለው። በመስመሩ ላይ ከአንድ በላይ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ካለ ሁሉም በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ። ማፏጨቱና መሞቁም አይቀርም። ከመቆጣጠሪያዎችም ብዙዎቹ ይህን አገልግሎት ጨርሶ አይሰጡም። እውነተኛው መፍትሔ አሮጌውን ሎኮሞቲቭ ፈትቶ ዲኮደር ማስገባት ነው። ለዚህም አስቀድሞ ሞተሩ ታንቆ ሲቆም የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን ይለካል። ከዚያም ሁለቱ የሞተር ካርቦኖች ከሻሲውም ሆነ ከሐዲዱ በቀጥታ ኃይል እንዳያገኙ ይለያያሉ። በብዙ አሮጌ ሞዴሎች አንደኛው ካርቦን ከሻሲው ጋር የተገናኘ ስለ ሆነ፣ ይህን ያልመረመረ ሰው ዲኮደሩን በመጀመሪያው ደቂቃ ያቃጥለዋል።

ከጠረጴዛው ወደ ምድር ብንመለስ፣ የኢትዮጵያ የባቡር ታሪክም በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ያለፈ ነው። የውጫሌ ውል በተፈረመ በ5ኛው ዓመት፣ በ1886 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር፣ የመስመሩ ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነበር። በእንፋሎት የተጀመረው ጉዞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ዲዝል ተሸጋገረ። ያ ሽግግር የኃይል ለውጥ እንጂ የሐዲድ ለውጥ አልነበረም፤ ስለዚህም እንፋሎቱና ዲዝሉ በአንድ መስመር ላይ ተከታትለው ሊሠሩ ችለዋል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለወጠ። የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉም ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ የሚገኝ 25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሆነ። የድሬዳዋ ሎኮሞቲቮች በዚህ ሐዲድ ላይ ጨርሶ ሊቆሙ አይችሉም። ለእነርሱ «የረዘመ ዜሮ» አልተተወላቸውም። ሊተውላቸው ይገባ ነበር ማለት አይደለም፤ የሐዲድ ስፋት በዲኮደር የሚታረቅ ነገር አይደለምና። ነገር ግን ከማሽኖቹ ጋር የአንድ ትውልድ የጥገና እውቀትም አብሮ ከመስመር እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሐይቅንና አምባሰልን የሚመለከተው ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚያቀናው መስመር ነው። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ መሠራት ጀመረ፤ ሁለቱ አካባቢዎችም የሚገኙት ከኮምቦልቻ በስተ ሰሜን እስከ ሐራ ገበያ ባለው ርቀት መካከል ነው። ሥራው ከታቀደለት ጊዜ እጅግ ዘገየ፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ በተዛመተ ጊዜም ጉዳት ደረሰበት።

ይህ መስመር በአዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር ይገናኛል። ሁለቱ በሐዲድ ስፋትና በኤሌክትሪክ ኃይል ዓይነት ይስማማሉ። አንደኛው ግን በቻይና ኩባንያዎች በቻይና ደረጃ፣ ሁለተኛው በቱርክ ኩባንያ በአውሮፓ ደረጃ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ የጠረጴዛው ትምህርት በሙሉ ክብደቱ ይመጣል። መንኰራኩሩ ሐዲዱን መግጠሙ፣ ሞተሩም ኃይሉን መቀበሉ ብቻ አይበቃም፤ ሎኮሞቲቩ የመስመሩን ምልክት ማንበብ መቻል አለበት። ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚሻገር ሎኮሞቲቭ የሁለቱንም ቋንቋ የሚፈታ መሣሪያ ካልያዘ፣ ባቡሩ አዋሽ ላይ መቆም ወይም ሎኮሞቲቭ መቀየር ግድ ይሆንበታል። የላይኛው ሽቦ ኃይል ባላገኘበት ክፍል የራሱን ኃይል ይዞ የሚጓዝ ዲዝል ሊያገለግል ይችላል። ይህም እንደ ረዘመው ዜሮ የመሸጋገሪያ ድልድይ እንጂ የሚኖሩበት ቤት አይደለም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ምክር አጭር ነው። አዲስ ሥርዓት ከመገዛቱ በፊት ከነባሩ ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር በጽሑፍ ይወሰን፤ ጽሑፉም በሁለቱም ወገን አንድ ንባብ ይኑረው። ለሽግግሩ ጊዜ የሚበጀው ዘዴ ወሰኑ ተለይቶ ይታወቅ። አሮጌው መሣሪያ ሳይለካና ሳይፈተሽ በአዲሱ ኃይል ላይ አይቀመጥ። መሬቱን ለሐዲዱ የለቀቀው የወሎ ገበሬ የሚጠብቀው የሚጓዝ ባቡር እንጂ የተዘረጋ ብረት አይደለም። ሁለት ንባብ ያለው አንድ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅም የአምባሰል ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ውጫሌ ከደጁ ነው።