የዱሮ ዘፈን፣ የዘንድሮ ዘፈን፦ በስብሰባችን ላይ የተነሣ ክርክር

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን አጀንዳው ቀላል መስሎን ነበር። አባላት እንደምታውቁት ማኅበራችን ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃን ለሠርግና ለልቅሶ ያከራያል፤ ከዚያ የሚገኘውም ገቢ የብድር ሣጥናችንን ይደግፋል። ተከራዮች ደጋግመው «ድምፅ ማጉያስ የላችሁም?» ስለሚሉን፣ ከቁጠባችን ጥቂት አውጥተን፣ ደጋፊዎቻችን ለገቢ ማስገኛ ከሰጡን ላይ ጨምረን ስፒከርና ሚክሰር እንግዛ ወይስ ይቅር የሚል ነበር ጉዳዩ። ከመሥራቾቻችን አንዷ እናት ተነሡና «ለዘንድሮ ዘፈንማ አምስት ሳንቲም አላዋጣም። ይኼ ዘፈን ነው? ጩኸት ነው እንጂ!» አሉ። ከወጣቶቹ አንዷ ቀበል አድርጋ «እማማ፣ የእርስዎም እናት ስለ እርስዎ ዘፈን እንዲሁ ብለው ይሆናል» አለች። ቡናው በረካ እስኪደርስ ድረስ ክርክሩ አልበረደም። በመጨረሻ ሰብሳቢያችን ሦስታችንን መርጠው «ነገሩን ከሥሩ አይታችሁ በመጽሔታችን ጻፉልን፣ ከዚያ እንወስናለን» አሉን።

ከሦስታችን አንዷ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት የዘፈነች ናት። አንዷ የካሴት ዘመን ልጅ ናት። ሦስተኛዋ ዘፈን ከስልክ ሌላ የት እንደሚገኝ የማታውቅ ወጣት ናት። ስለዚህ በሁሉ ነገር ተስማምተን አልጻፍነውም።

«የዱሮ ዘፈን» ሲባል አብዛኞቻችን በልባችን የምንሰማው ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ አብዮቱ ድረስ ያለውን ነው። ያ ዘመን ግን ከሰማይ አልወረደም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከነአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አመጡ፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በ1927 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስና ጦር ሠራዊት እያንዳንዳቸው የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። በ1948 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ተከፈተ፤ የኬቮርክ ዘመድ የሆነው ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያ ሙዚቀኞችን አስተምሯል። እንግዲህ ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ብዙነሽ በቀለን ያወጣ ክቡር ዘበኛ ነው። ሙዚቀኛው ወታደር ነበር ማለት ነው፤ ደመወዝ ነበረው፣ ልምምድ ነበረበት፣ ኖታ የሚያስነብበው አስተማሪ ነበረው። ዘፋኟም ሆነች ዘፋኙ ሲያዜሙ ከኋላቸው በጡሩምባና በሳክስፎን የተሞላ ኦርኬስትራ ተቀምጧል። የዱሮው ዘፈን ለጆሮ የሚሞላው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ሰው ተሰጥኦው ስለበዛ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ጉዳይ ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም። ያንን ዘመን «ወርቃማ» የሚሉት ሰዎች ስለ ሴቶቹ ብዙ አያወሩም። ብዙነሽ በቀለ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ የዘፈነችው ሂሩት በቀለ፣ ክራር እየመታች የምትጫወተውና በቴያትር መድረክ ላይ ከታዩ ቀደምት ሴቶች አንዷ የሆነችው አስናቀች ወርቁ፣ ሁለት ሆነው የዘፈኑት አሰለፈች አሽኔና ጌጤነሽ ክብረት ሁሉ የሠሩት «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት ከተማ ነው። በየቤቱ በሬዲዮ ሲሰሙ ይጨበጨብላቸዋል፤ የዚያው ቤት ልጅ ዘፋኝ ልሁን ስትል ግን ዱላ ይነሣባታል። መሥራቿ እናታችን ለጽሑፋችን ስናነጋግራቸው ይህንኑ አልካዱም፦ «ድምፅ ነበረኝ። አባቴ ከቤት እንዳያስወጣኝ ብዬ ከወፍጮ ድንጋይ ጋር ብቻ ዘፈንኩ» አሉን። እኛም የዱሮውን ዘፈን ጥራት ስንመዝን በወፍጮ ላይ የቀረውን ድምፅ በየትኛው ሚዛን እንደምናስቀምጠው ተቸግረናል።

ሸክላውስ? የሸክላ ማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ያንን ገደብ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ፤ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የታተሙት ሕንድ አገር ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ፤ ካይፋ ሬከርድስና ፊሊፕስም ተከተሉ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ አምኃ አገር ጥሎ ወጣ። ዛሬ በዓለም የሚደነቀው ወርቃማ ዘመን በሸክላ የተቀረጸበት ጊዜ ይህች አጭር ጊዜ ናት። በሳሪስና በቃሊቲ በየፋብሪካው በቀን ሒሳብ ይሠሩ የነበሩ እናቶቻችን ሸክላ ማጫወቻ አልነበራቸውም፤ የሰሙት ከጎረቤት ሬዲዮና ከቡና ቤት በር ላይ ቆመው ነው።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ መጣ። የምሽት ክበብ የሚባለው ከሰመ፤ ባንዶች በሆቴል ከተጫወቱ ታዳሚው ከመሸ በኋላ እስኪነጋ በር ተዘግቶበት ያድር ነበር። የዘፈን ግጥም በመርማሪ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። በሌላ በኩል በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው ኪነት ተቋቋመ። ከሦስታችን አንዷ ከፋብሪካ ፈረቃ ስትወጣ ወደ ቀበሌ አዳራሽ ትሄድ ነበር። ስለ ምርት፣ ስለ ዘመቻ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘፍናለች፤ «ግጥሙ አሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል» ትላለች። ግን በዚያ አዳራሽ «አዝማሪ» ብሎ የሰደባት ሰው አልነበረም፤ ጓዶቿ ናቸው። ካገባች በኋላ ባለቤቷ ከሁለት አንዱን ምረጪ አላት፤ ዘፈኑን ተወች። ስለ ጥራት ስንከራከር እሷ ብዙ አልተናገረችም፤ ይህን ብቻ ጻፉልኝ አለች፤ ጻፍነው።

የደርግ ዘመን የካሴት ዘመንም ነው። ሸክላ የሀብታም ነበር፤ ካሴት ግን በየድሀው ቤት ገባ። ቴፕ ያለው አንድ ቤት ካለ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ሮሃ ባንድና ዋልያስ ባንድ ያጀቧቸው ካሴቶች እስከ ዛሬ በሠርግ ላይ ይጠየቃሉ። በሀገር ፍቅር የጀመረችው አስቴር አወቀ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሄዳ ከዚያ ያወጣቻቸው ሥራዎች በየቤቱ ገቡ፤ ኩኩ ሰብስቤ፣ ሐመልማል አባተ፣ ማሪቱ ለገሠ በካሴት ነው ቤታችን የገቡት። ሴቶች በብዛት የተሰሙበት ዘመን እንግዲህ «ወርቃማ» ከተባለው በኋላ የመጣው ነው። ይህን ስናነብላቸው መሥራቿ እናታችን ዝም አሉ፤ ተስማምተው ይሁን ተቀይመው አላወቅንም።

በዚያው ጊዜ ግን የጠፋም ነገር አለ። ጡሩምባ ነፊው፣ ሳክስፎኒስቱ፣ ከበሮ መቺው ቀስ በቀስ በአንድ ኪቦርድ ተተኩ። አንድ ሰው በኪቦርድ የአሥር ሰው ሥራ ከሠራ አሥር ሰው የሚከፍል ካሴት አሳታሚ አይገኝም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የሠራዊቱ ሙዚቀኞችም አብረው ተበተኑ። ሰዓት እላፊው ተነሥቶ የምሽት ክበቡ ሲመለስ የተመለሰው ባለ ኪቦርዱ ነው። ሙሉ ኦርኬስትራ ይዞ ደመወዝ እየከፈለ የሚያለማምድ ተቋም በዱሮው ቁጥር የለንም፤ በዚህ ላይ ሦስታችንም ከእናታችን ጋር ተስማማን።

ስለ ትዝታ ደግሞ አንድ ነገር እንበል። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው፤ ከሁሉ የምንወደው ቅኝት ስሙ ራሱ ያለፈ ናፍቆት ነው። «የዱሮው ይሻላል» ማለት በጆሯችን ውስጥ አብሮን ያደገ ነገር ነው። ደግሞም ያለፈው ዘመን የደረሰን ተበጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም የዱሮ ሸክላዎቻችንን እየመረጠ በተከታታይ አሳተመ፤ ዓለምም እነ ሙላቱ አስታጥቄን ይበልጥ ያወቀው በዚያ ነው። ከተመረጠው ጎን ሳይመረጥ የቀረ ስንት ተራ ዘፈን ነበረ! የዘንድሮው ግን ገና ከነገለባው ሰፌዱ ላይ ነው፤ ስንዴውም እንክርዳዱም አብሮ ይሰማናል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በስፔን ያሉ ተመራማሪዎች ከ1955 እስከ 2010 የተቀዱ ከአራት መቶ ሺህ በላይ የምዕራባውያን ዘፈኖችን በኮምፒውተር መርምረው፣ የዜማው ቅብብል እየጠበበ፣ የድምፁ ዓይነት እየተመሳሰለ፣ ጩኸቱም እየጨመረ መሄዱን ጽፈዋል። እናታችን ይህን ሲሰሙ «አላልኳችሁም!» አሉ። ወጣቷ ግን የተመረመረው የፈረንጅ ዘፈን መሆኑን አስታወሰቻቸው፤ ኮምፒውተሩም ቢሆን ግጥም አልመዘነም።

ግጥሙን እኛው ለመመዘን አንድ ቅዳሜ እንጀራ እየጋገርን የዱሮና የአሁን ዘፈን እያፈራረቅን አዳመጥን። የካሴት ዘመኗ አባላችን ግጥሙ ቀጥኗል ትላለች፦ በሳንሱር ዘመን ገጣሚው ሐሳቡን ሰምና ወርቅ ውስጥ ይደብቅ ስለነበር ሰሚው ደጋግሞ ይፈታዋል፤ ዛሬ ሁሉም በግልጽ ስለሚባል አንዴ ተሰምቶ ያልቃል። ወጣቷ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋለች። በዱሮውም በዘንድሮውም ወንዶቹ የሚያወድሱት ዓይናችንን፣ ጥርሳችንን፣ ወገባችንን ነው፤ ሊጥ የሚያቦካ እጅ፣ ፈረቃ ውሎ የሚገባ እግር በዘፈን ውስጥ ብዙም አልተገኘም። በዚህ ጉዳይ «ተበላሸ» የሚባል የለም፤ ያው ነው። ሴቶች ራሳቸው ደርሰው ሲዘፍኑ ግን ይለያል። ከቻግኒ የተነሣችውን እጅጋየሁ ሽባባውን (ጂጂን) ለአገር፣ ለገበሬ፣ ለእናት ስትዘፍን ሁላችንም እኩል ወደድናት፤ የዘሪቱ ከበደም የመጀመሪያ አልበም እንዲሁ። የሮፍናን «ነጸብራቅ» የተሰኘው አልበም ኤሌክትሮኒክሱን ከአገር ምት ጋር ሲያጋጥም ወጣቷ ተነሥታ ጨፈረች። እናታችን «ከበሮውስ የኛ ነው» ብለው እግራቸውን አወዛወዙ። ይህን እንድንጽፍ ባይፈቅዱም ጽፈነዋል።

ጥራቱን ከሚጎዳው ነገር አንዱ ግን ክፍያ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሆኖም ካሴት ሲገለበጥ፣ ከዚያ ሲዲ፣ ከዚያ ፍላሽ ሲገለበጥ ገጣሚውና አቀናባሪው እጃቸው ላይ የሚቀር ጥቂት ነው። ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር «አውታር» የሚባል የሙዚቃ መሸጫ የስልክ መተግበሪያ የጀመረው ለዚህ ነበር፤ እሱም በ2012 መጀመሪያ አረፈ። በነፃ እየሰማን ጥራት ወረደ ማለታችን እኛንም አሳፍሮናል፤ ከሦስታችን በገንዘቧ ዘፈን ገዝታ የምታውቀው የካሴት ዘመኗ ብቻ ናት።

እንግዲህ ሐሳባችን ይኼ ነው። መሣሪያው ይገዛ። ከሦስት ሱቅ ዋጋ አስመጥተናል፤ ሒሳብ ሹማችን ዘንድ አለ። ለኪራይ በሚወጣበት ቀን ከዕቃው ጋር የሚላክ አንድ ፍላሽ ይኑረው፤ ዘፈኖቹ ተገዝተው ይጫኑ፣ የሴቶቹ ሥራ ከብዙነሽ እስከ ዛሬ ድረስ ይኑርበት። ማይክሮፎኑ ሁለት ይሁን። ከሁለቱ አንዱ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ለአባላት ክፍት ሆኖ፣ የወፍጮ ላይ ዘፈን፣ እሹሩሩና የሠርግ ዘፈን የሚያውቁ እናቶች ይቀረጹበት፤ ልጆቻቸው መዝፈን የሚፈልጉም ይምጡ።

መሥራቿ እናታችን ይህን ካነበብንላቸው በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ካሴት ያጫውታል?» አያጫውትም። ግን ሳሪስ አቦ መንገድ ላይ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ልጅ አግኝተናል። አርባ ዓመት ያስቀመጡትን ካሴት በነጠላ ጠቅልለው ለሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚያመጡ ነግረውናል።