ትልቅ ሰው ሲጫወት

እንግዳ ቤታችን ሲገባ «ይቀመጡ» ካልን በኋላ የምናስከትለው ቃል «ይጫወቱ» የሚል ነው። አፉን ዘግቶ የተቀመጠውንም «ምነው፣ ተጫወት እንጂ!» እንለዋለን። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ቢሆንም ያው ነው። አማርኛችን የልጅን ሩጫና የአዋቂን ወግ ሁለቱንም ጨዋታ ብሎ ጠርቷል። ታዲያ ቋንቋው ለትልቅ ሰው የፈቀደውን እኛ ከተሜዎቹ ለምን የሥራ ፈት ነገር አደረግነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ ያቆመኝ ሰንጠረዥ ነው።

ዛሬ ቼዝ የምንለውን ማለቴ አይደለም። የአገራችን ሰንጠረዥ ከፋርስና ከዐረቦች ሻትራንጅ የተወለደ ሲሆን፣ እዚህ አድጎ የራሱን ጠባይ ያወጣ ጨዋታ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ እንደተጫወቱ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ የጨዋታው ወዳጅ እንደነበሩ እንግሊዛውያን እንግዶቻቸው ጽፈው ትተውልናል። እቴጌ ጣይቱም ከበገናው ጋር ሰንጠረዡንም ያውቁበት እንደነበር ይነገርላቸዋል። እንግዲህ አገር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥራ ፈት የሚላቸው አልነበረም።

የጨዋታውን ሥርዓት ጽፈው ካቆዩልን አንዱ ከ1848 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ነው። በ1860 እዚሁ አገር ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው በ1868 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የተበታተነውን ሁሉ ሰብስበው በ1971 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ አወጡ። በጣም ያስገረመኝ የጨዋታው አጀማመር ነው።

እኛ የምናውቀው ቼዝ ተራ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። በአገራችን ሰንጠረዥ ግን መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ይነሳሉ፤ እጃቸው እንደፈጠነ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። አንዱ አሥር ጊዜ አንቀሳቅሶ ሌላው ስድስት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ ከሳሽ የለም። ዓይን ግን ከባላጋራ እጅ አይነቀልም። እሱ ፈረሱን ወዲህ ሲያመጣ እኔ ያቆምኩትን አንስቼ ሌላ እሞክራለሁ፤ እሱም የእኔን አይቶ የራሱን ሰልፍ ያፈርሳል። የዚህ ምዕራፍ ስም ወረራ ነው። የመጀመሪያዋ ጠጠር እስክትበላ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው።

አሸናነፉም ወግ ነበረው። ጦሩ ሁሉ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ስለዚህ አሸናፊው የባላጋራውን ሠራዊት ፈጅቶ መጨረስ አይጠቅመውም፤ የሚተርፈውን አትርፎ በዘዴ መክበብ አለበት። በኃይለኞቹ ጠጠሮች ንጉሥ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር፤ ደካሞቹን አቀናጅቶ የያዘ ግን ይመሰገናል። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፣ ባማረ መንገድ ማሸነፍ ነው ቁም ነገሩ። ፈጠራ ማለት ሥዕልና ግጥም ብቻ የሚመስለው ሰው እስቲ ይህችን ሕግ ደጋግሞ ያስባት! ማንም ገንዘብ አይከፍልባትም፣ በማግሥቱም ትረሳለች፤ ሰውየው ግን ለዚያች ሰዓት አንድ የሚያምር ነገር ሠርቷል።

ተመልካቹስ? ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም። ይጮኻል፣ ይመክራል፣ «ያቺን አንሳ!» ይላል። ጌታው ሰሌዳው ላይ ሲያጎነብሱ ከኋላ የቆመው አሽከር ሐሳቡን ይሰነዝራል፤ በሌላ ሰዓት ቢሞክረው ምን ይደርስበት እንደነበር መገመት አያቅትም። በገና ዕለት ጌታ አይቆጣም የሚባለውም ከዚሁ ጎራ ነው። ሆላንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሐን ሁይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለው መጽሐፉ፣ ጨዋታ ከተለመደው ኑሮ ወጣ ያለ፣ የራሱ ወሰንና የራሱ ሕግ ያለው ሌላ ዓለም መሆኑን ያብራራል። እኔ እንደሚገባኝ የጨዋታ ትልቁ ፈውስ እዚህ ላይ ነው። ጌታው ከጌትነቱ፣ አሽከሩም ከአሽከርነቱ ለጥቂት ጊዜ ያርፋል። እንቅልፍ እንኳ ይህን ዕረፍት አይሰጥም፤ ሹም በሕልሙም ሹም ነው።

ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ ይህ ሰንጠረዥ እየከሰመ ሄዶ ጠፋ። (የስሙን መገጣጠም አንባቢ ልብ ይላል።) ገበጣ የተሻለ ዕድል ገጠመው። አዳራሽም መኳንንትም አይፈልግምና፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር መልቀም ይበቃል። ፓንክረስት በዚያው በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግበዋል። ከመቶ በላይ! አንድ ጨዋታ በየአገሩ፣ በየመንደሩ ሌላ ሕግ እየተፈጠረለት ማለት ነው። እነዚያን ሕጎች የፈጠሯቸው ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎችና እረኞች፣ ሴቶችና ወንዶች ናቸው።

ከተማችን ግን ጨዋታንና ቁማርን ደባለቀ። ከረንቡላ ቤትና ካርታ ቤት ደመወዝ ሲበላ ያየ ቤተሰብ ጠጠር የያዘን ትልቅ ሰው ሁሉ መጠርጠሩ አይፈረድበትም። ጉዳቱ ግን አብሮ የማይገባውን ማጥፋቱ ነው። በሰፈሬ የሒሳብ ሠራተኛ የነበሩ አንድ ጡረተኛ አሉ። ስኳርም ደም ብዛትም አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ከአንድ የመጋዘን ዘበኛ ጋር ዳማ ይጫወታሉ። ሰሌዳው በእስክሪብቶ የተሰመረ ካርቶን ነው፤ ጠጠሮቹ የቢራና የለስላሳ ቆርኪዎች፣ የአንዱ በፊታቸው የሌላው በጀርባቸው የተገለበጡ። ልጃቸው «አባባ፣ ከዘበኛ ጋር መንገድ ዳር! ሰው ምን ይላል?» ትላቸዋለች። እሳቸው አንድ ቀን «ቤት ስገባ ከመድኃኒቱ ሌላ የምንጫወተው ነገር የለም» አሉኝ። ዘበኛው «ጋሼ» ይላቸዋል፣ አንቱ ይላቸዋል፤ ቆርኪያቸውን ሲበላ ግን ርኅራኄ የለውም። ሲሸነፉ የሚስቁትን ሳቅ ቤታቸው ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

የሰንጠረዡን ሕግ ካነበብኩ በኋላ አንድ ጓደኛዬን ይዤ እዚያው መጋዘን በር ላይ ሞከርነው። ካርቶን ላይ 64 ቤት አሰመርን፤ 32 ቆርኪ ሰብስበን በውስጣቸው ንጉሥ፣ ፈረስ እያልን ጻፍን። የመጀመሪያው ወረራ ግማሽ ደቂቃ አልቆየም፤ እጃችን ተጋጨ፣ አንዱ ቆርኪ ተሽከርክሮ መንገድ ላይ ወደቀ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ሳቅን። ዘበኛው «ኧረ ተራ ጠብቁ! ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» አለ። ጡረተኛው «የራስ ወልደ ሥላሴ ነው አሉ» ብለው መለሱለት። ሁለተኛውን ስንጀምር ዝም ብሎ ቆየ። ሦስተኛው ላይ ግን ጎንበስ አለና፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የጓደኛዬን ፈረስ ራሱ አነሳ።