ጋያ፣ ጉልቻ እና "ነቀርሳ"፦ የሳንባ ካንሰር ታሪክ ከጎንደር ሲታይ

ስለ ሳንባ ካንሰር በተነሳ ቁጥር ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ "እኔ ሲጋራ አፌ ደርሶ አያውቅም፤ ታዲያ ምን ያሰጋኛል?" ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የምልክቶችን ዝርዝር በማንበብ ብቻ አይገኝም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሄዶ ታሪክ ማየትን ይጠይቃል። ዛሬ ይህን እናድርግ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 መጀመሪያ ስሙ

በአማርኛ "ነቀርሳ" ስንል ብዙዎቻችን ካንሰር ማለታችን ነው። "የሳንባ ነቀርሳ" ስንል ግን ቲቢ ማለታችን ነው። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ የተለጠፉት ፖስተሮች "የሳንባ ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናል" ሲሉ የሚያወሩት ስለ ቲቢ ነው። ቲቢ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍና ለስድስት ወር ያህል በሚወሰድ መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። የሳንባ ካንሰር ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ በቲቢ መድኃኒትም አይድንም።

ስማቸው ብቻ ሳይሆን ምልክታቸውም ይመሳሰላል፦ የማይለቅ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ክብደት መቀነስ፣ የደረት ሕመም፣ ድካም። ቲቢ በበዛበት አገር የሚያስል ሰው መጀመሪያ ለቲቢ መመርመሩ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው አክታው ላይ ምንም ሳይገኝ፣ ወይም መድኃኒቱን ጨርሶ ሳይሻለው፣ "ነቀርሳ ነው" እየተባለ ወራት ሲያልፉ ነው። የሳንባ ካንሰር ከሚደበቅባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ሁለተኛው መደበቂያ ጭስ ነው።

🔹 ጋያ፦ እንደ ኃጢአት የተቆጠረው ጭስ

ትንባሆ በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ለረጅም ዘመን የተነወረ ነገር ነበር። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1872–1889) ትንባሆን በጥብቅ ከለከሉ። በዘመኑ አገሩን የጎበኙ አውሮፓውያን እንደጻፉት፣ ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ ደግሞ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። ጋያ መሳብ የሃይማኖት ጥፋት እንጂ የጤና ጉዳይ ተደርጎ አልታየም።

በዚያ ዘመን ይህን ከሳንባ ካንሰር ጋር የሚያገናኝ ሐኪም በዓለምም አልነበረም። የኤክስሬይ ጨረር የተገኘው በ1895 ነው። በ1912 አይዛክ አድለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ሳንባ ካንሰር ሙሉ መጽሐፍ ሲጽፍ በሽታው እጅግ ብርቅ መሆኑን መግለጽ ነበረበት። ፋብሪካ የሚሠራው ሲጋራ በየኪሱ ከገባ በኋላ ግን ብርቅ የነበረው በሽታ የተለመደ ሆነ። ዛሬ በዓለም በካንሰር ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹን የሚገድለው የሳንባ ካንሰር ነው፤ በ2022 ብቻ 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቶበታል።

🔹 ሐኪሙና ታማሚው

የአንድ ሐኪም ታሪክ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ኤቫርትስ ግራሃም በ1933 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የአንድን ካንሰር ታማሚ አንዱን ሳንባ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና አወጣና ታማሚው ዳነ። ለካንሰር ተብሎ በዚህ መልኩ ተሠርቶ የተሳካ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነበር። ግራሃም ራሱ ብርቱ አጫሽ ስለነበር ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ሐሳብ አይቀበልም ነበር። ኧርነስት ዊንደር የተባለ የሕክምና ተማሪ ግን እናጥናው አለው። 684 ታማሚዎችን ጠይቀው በ1950 ውጤቱን አሳተሙ፤ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ለብዙ ዓመታት አጥብቀው ያጨሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ተመሳሳይ ውጤት አወጡ።

ግራሃም በማስረጃው አምኖ ማጨሱን ተወ። ግን ዘግይቶ ነበር፤ በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ። በ1933 ቀዶ ሕክምና የሠራለት ታማሚ በዚያ ጊዜ ገና በሕይወት ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ካንሰሩ የሚመጣው ማጨስ በተጀመረ ማግስት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ በጊዜ የተገኘ የሳንባ ካንሰር ወጥቶ ሰው ሊድን ይችላል።

🔹 ሲጋራ በእኛ አገር

በኢትዮጵያ ትንባሆ ከ1942 ጀምሮ በመንግሥት ሞኖፖል ሥር ተመረተ። ኒያላ ሲጋራን የማያውቅ የለም። በ2016 እና በ2017 ጃፓን ቶባኮ የተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ የብሔራዊ ትንባሆ ድርጅትን አክሲዮን በሁለት ዙር፣ በጠቅላላው ከ940 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቶ 71 በመቶ ያህሉን ያዘ። በ2016 በተደረገው አገራዊ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ሰው 5 በመቶ ብቻ ነበር። የሚያጨሰው ሰው ይህን ያህል ትንሽ በሆነበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ ተስፋው በማን ላይ ነው? ገና ባልጀመሩት ወጣቶች ላይ ነው።

መንግሥት በ2019 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መሰብሰቢያና በሥራ ቦታዎች ማጨስን፣ የትንባሆ ማስታወቂያን፣ ሺሻን፣ እንዲሁም ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል። አዋጁ ጥሩ ነው። አሁን የሚጠይቀን በየካፌው፣ በየጠላ ቤቱና በየጫት ቤቱ ማስከበር ነው። ያኔ ከንፈር የሚያስቆርጠው ቅጣት ሰውን በፍርሃት ይዞት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ምክንያቱን እናውቃለን። የሚያጨስ ሰውም እንደ በደለኛ ሳይሆን እንደ ሱሰኛ ታማሚ ሊታይና ሊታገዝ ይገባዋል።

🔹 ጉልቻ፦ ማንም ያልቆጠረው ጭስ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በዓለም የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት አጭሰው አያውቁም። ለምን?

ደባርቅን፣ ዳባትን፣ ጃናሞራን አስቡ። ሌሊቱ ብርዳም ነው። እሳቱ ለምግብ ብቻ ሳይሆን ለሙቀትም ይነዳል። ሙቀቱ እንዳይወጣ ቤቱ መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም ይደፈናል። የሚነደው ኩበት፣ ጭራሮና ባሕር ዛፍ ነው። እናት እንጀራ ስትጋግር፣ ጠላ ስትጠምቅ፣ አረቄ ስታወጣ ለሰዓታት ጉልቻው ሥር ትቀመጣለች፤ ሕፃኑም በጀርባዋ ላይ ነው። የቤቱን ጣሪያ ቀና ብላችሁ እዩት፤ ጥቀርሻው እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ያ ጥቀርሻ ጣሪያው ላይ የደረሰው በእናት አፍንጫ በኩል አልፎ ነው። ጋያ የሚስበውን ሰው ሕግ ሲቀጣው፣ ይህ ጭስ ግን የባልትና ምልክት ተደርጎ ታለፈ።

በዚህ ረገድ ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ከቻይና ነው። በዩናን ግዛት ሹዋንዌይ የምትባል አውራጃ ሴቶቹ ሲጋራ የማያጨሱ ሆነው ሳለ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ቁጥር ግን በዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነበር። ምክንያቱ በቤት ውስጥ፣ ጭስ ማውጫ በሌለው ምድጃ የሚነደው ጭሳም የድንጋይ ከሰል ነበር። ከዚያ ሰዎች ምድጃቸውን ጭስ ማውጫ ወዳለው ቀየሩ። ከ21 ሺህ በላይ ገበሬዎችን ተከታትሎ በ2002 የታተመ ጥናት፣ ምድጃቸውን በቀየሩት ዘንድ የሳንባ ካንሰር በወንዶች በ41 በመቶ፣ በሴቶች በ46 በመቶ ቀንሶ አገኘው። አዲስ መድኃኒት አልተጨመረም፤ የተጨመረው የጭስ መውጫ ነበር።

እኛ የምናነደው እንጨትና ኩበት እንጂ የድንጋይ ከሰል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጭስን "ካንሰር አምጪ"፣ የእንጨት ጭስን ደግሞ "ካንሰር ሊያመጣ የሚችል መሆኑ የሚገመት" ብሎ መድቦታል። ስለዚህ የእንጨት ጭስ የሲጋራን ያህል ማስረጃ አለበት አንልም። ነገር ግን ጭሱ ለሕፃናት የሳንባ ምች፣ ለአዋቂዎች ደግሞ ሥር ለሰደደ የመተንፈሻ አካላት በሽታ እንደሚያጋልጥ በደንብ ይታወቃል። ከዚህ በላይ ማስረጃ ሳንጠብቅ ጭሱን ማስወጣት እንችላለን።

🔹 ጎንደር ይህን ሥራ ታውቀዋለች

በ1953 በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። እነዚህ ሰዎች መርፌ ብቻ አልያዙም፤ ምንጭ አጎለበቱ፣ መጸዳጃ ቤት አስቆፈሩ፣ ቤት ለቤት ዞረው አስተማሩ። በሽታን ከሆስፒታል በር ውጭ መከላከል በአገራችን ትምህርት ሆኖ የተጀመረው እዚሁ ነው። የዛሬዎቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ያንኑ መንገድ ይዘዋል። መጸዳጃ ቤት "ከቤት ይራቅ" ተብሎ ልማድ ከሆነ፣ ጭስ "ከቤት ይውጣ" ማለትም ልማድ ሊሆን ይችላል።

🔹 ሳይታመሙ መመርመርስ?

በ2011 በአሜሪካ የታተመ፣ ከ53 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ብዙ ያጨሱ ሰዎች በየዓመቱ በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ስካን ሲመረመሩ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት በ20 በመቶ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። በተራ የደረት ኤክስሬይ የሚደረግ ቅድመ ምርመራ ግን ሞትን አልቀነሰም። በአሜሪካ ምርመራው የሚመከረው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ለሆነ፣ በቀን አንድ ፓኮ ለ20 ዓመት ያህል ላጨሱ፣ አሁንም ለሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች ነው።

በእኛ አገር ይህን የሚያደርግ አገራዊ ፕሮግራም የለም። ያለፈ ቲቢ ሳንባ ላይ የሚተወው ጠባሳም ካንሰር መስሎ ሰውን ላላስፈላጊ ጭንቀትና ምርመራ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ሲቲ ስካን ይነሳ አንልም። ለብዙ ዓመት አጭሰው ከሆነ ግን ሐኪምዎን ያማክሩ።

🔹 ሕክምናው

ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከሰሜን ተራሮች ተነስቶ እዚያ ወረፋ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም የካንሰር ታማሚዎች ኬሞቴራፒ ይወስዳሉ። ሕክምናው እንደ ደረጃው ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ ኬሞቴራፒ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ዕጢው ላይ ያነጣጠረ መድኃኒት ነው። መዳን በማይቻልበት ደረጃም ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን ማስታገስ ይቻላል።

🔹 ምን እናድርግ?

✅ የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬ ያቁሙ። በየትኛውም ዕድሜ ማቆም ይጠቅማል። ቤት ውስጥና ልጆች ባሉበት አያጭሱ።

✅ ማድቤቱን ከመኝታ ቤት ይለዩ፤ መስኮትና የጭስ መውጫ ያብጁለት። ደረቅ እንጨት ያንድዱ። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ መብራት ባለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይመረጣል። ሕፃናትን ከእሳት ዳር ያርቁ።

✅ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ይመርመሩ። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይጨርሱ።

✅ የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ ካልተሻለዎት፣ ወይም ቲቢ ሳይገኝ ሳሉ ከቀጠለ፣ "ቲቢ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል?" ብለው ይጠይቁ። ወደ ሆስፒታል የሚላኩበትን ሪፈር ለመጠየቅ አይፈሩ።

✅ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የማይለቅ የድምፅ መጎርነን፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ፣ አጭሰውም ይሁን አላጨሱ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋር ይቅረቡ።

ሳንባችን የሚገባውን ጭስ ከጋያ ይሁን ከጉልቻ አይለይም። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች አንብቡላቸው፤ ሲያስሉ የከረሙ ካሉም አብራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለሌሎችም ሼር አድርጉት።