ከእርሻ አፈር እስከ ሽፈራው ዘር፤ የአንድ የመለያ ጥበብ ታሪክ

የሳይንስን ታሪክ ስናስተምር ጥበብ ሁሉ በቤተ ሙከራ ውስጥ የተወለደ አስመስለን መናገር ልማዳችን ሆኗል። ፕሮቲኖች የሚለያዩበት የአዮን ልውውጥ ክሮማቶግራፊ ግን የመጣው ከእርሻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ ባለርስት በአፈር ላይ አሞንየም ሰልፌት የሟሟበት ውሃ አፍስሶ ከሥር የሚወርደውን ቢመረምር፥ አሞንየሙ በአፈሩ ቀርቶ በምትኩ ካልሲየም ወጥቶ አገኘ። ዌይ የተባለው ኬሚስትም ነገሩን አጥብቆ መረመረና ልውውጡ በተለይ የሸክላው አፈር ሥራ መሆኑን አስረዳ። መረሬ መሬት የማዳበሪያውን አሞንየም ለምን ይዞ እንደሚያቆይ የሚጠይቅ ተማሪ ቢነሣ፥ መልሱ ከዚህ ይጀምራል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ሩስያዊው ጽቬት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ የቅጠልን ቀለማት ዱቄት በተሞላ የብርጭቆ ቱቦ አሳልፎ ለየ፤ በ1935 አዳምስና ሆምስ አዮን የሚለዋውጥ ሰው ሠራሽ ሙጫ አወጡ። ይሁን እንጂ ያ ሙጫ ለአብዛኞቹ ፕሮቲኖች አልተመቸም፤ ፕሮቲን ግዙፍ ነውና ወደ ውስጡ መግባት ያቅተዋል። መፍትሔው የተገኘው በ1956 ፒተርሰንና ሶበር የተባሉ አሜሪካውያን የጥጥን ባሕርይ፥ ማለት ሴሉሎስን፥ ቻርጅ ባለው ነገር ባበጁት ጊዜ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ፕሮቲን እንደ ውሃው አሲድነት መጠን አዎንታዊ ወይም አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል። ተቃራኒ ቻርጅ ባለው ቱቦ ሲያልፍ ይጣበቃል። ከዚያ የጨው ውሃ እየበረታ ሲፈስበት በላላ የተያዘው አስቀድሞ፥ በጥብቅ የተያዘው ዘግይቶ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ለኦቦና ለሞያሌ መምህር ምኑ ነው? ሽፈራው የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ደረቅ ምድር ተወላጅ ዛፍ ነው፤ ኮንሶዎች ቅጠሉን እንደ ጎመን ይበሉታል። የሱዳን ሴቶች ደግሞ የዘመዱን ዛፍ ዘር ወቅጠው የደፈረሰ የዓባይ ውሃ ያጠሩበት ነበር። በ1995 የታተመ ጥናት ከዚሁ ዘመዱ ዘር አጥሪውን ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ በውሃ ውስጥም አዎንታዊ ነው። በውሃ የተበተነ ጭቃ አሉታዊ ስለ ሆነ ሁለቱ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። እነሆ፥ የቶምሰን አፈር ተመልሶ መጣ!

ዘሩን እንዳለ መጠቀም አንድ እንከን አለው፤ የቀረው የዘሩ ክፍል በውሃው ውስጥ ይሟሟል፥ ውሃውም ሲያድር ይበላሻል። ኩሬ ሲደርቅ በጀሪካን ለሚያጠራቅም ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2005 የወጣ ጥናት ፕሮቲኑን በአዮን ልውውጥ ለይቶ ይህን እንከን ማስወገድ እንደሚቻል አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን፥ በእኔ አስተያየት፥ ከሁሉ ይበልጣል። በ2012 ሌሎች ተመራማሪዎች ውድ የሆነውን ሙጫ ትተው የዘሩን ጭማቂ በተራ አሸዋ ላይ አፈሰሱት። አሸዋም አሉታዊ ነውና ፕሮቲኑን ያዘ፤ የሚያበላሸው ትርፍ ታጥቦ ሄደ፤ አሸዋውም ራሱ ውሃ ማጥሪያ ሆነ።