ለጣት የሚመች የጎማ ኪቦርድ እንዴት ይመረጣል?

በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ የምናገኘው የኮምፒዩተር ኪቦርድ በአብዛኛው የሚሠራው በጎማ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የተደፋች ሲኒ የመሰለች ትንሽ ጎማ አለች። ከእርሷ በታች ሦስት ስስ የፕላስቲክ ንጣፎች ተደራርበዋል፤ የላይኛውና የታችኛው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር የታተመባቸው ሲሆኑ፣ መካከለኛው በየቁልፉ ትክክል ቀዳዳ ያለው መለያያ ነው። ቁልፉን ስንጫን ጎማዋ ትታጠፍና ሁለቱን ንጣፎች በቀዳዳው በኩል ታገናኛለች። ጣታችንን ስናነሳ ደግሞ ቁልፉን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ሥራው ይኸው ነው፤ ዋጋው የረከሰውም ለዚህ ነው።

ርካሽ ነው ማለት ግን ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስጽፍ የምውል ሰው በመሆኔ ብዙ ኪቦርድ በእጄ አልፏል። አንዱ ጭቃ የመርገጥ ያህል ሲሆን፣ በዚያው ዋጋ የተገዛው ሌላው ለሰዓታት ቢጽፉበት የማይሰለች ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በጎማዋ ቅርጽና ውፍረት እንዲሁም ቁልፉ በሚወርድበት መስመር ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ስለዚህ ጉዳይ የሚነግረን ነገር የለም።

ጥሩ ጎማ መጀመሪያ "እምቢ" ይላል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ "እሺ" ይላል። ጣት ይህን ለውጥ በግልጽ ሲሰማ ፊደሉ መመዝገቡን ዓይን ሳያይ ያውቃል። መጥፎው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ልፍስፍስ ስለሆነ፣ ጸሐፊው እርግጠኛ ለመሆን ጠረጴዛውን እስኪወጋ ድረስ ይጫናል። እንደ ቼሪ ቀይ ያለው ሜካኒካል ቁልፍ ከ4 ሚሊ ሜትር ጉዞው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲወርድ ይመዘግባል። የጎማው ግን ወደ መጨረሻው መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ጣት ከወለሉ ጋር የሚጋጨው ቀኑን ሙሉ ነው። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፊደልን በድምፅ በሚያስገቡት ፕሮግራሞች "ሰላም" ሦስት ፊደል ቢሆንም አምስት ጊዜ መጫን ይጠይቃል።

ሱቅ ውስጥ ኪቦርዱ ከኮምፒዩተር ጋር ባይገናኝም መፈተሽ ይቻላል። አንድ ቁልፍ በጣም ቀስ ብለው ይጫኑ፤ "እምቢታው" የሚሰበርበት ቦታ በግልጽ ሊሰማ ይገባል። ቀጥሎ መሐሉን ሳይሆን ጥጉን ይጫኑ። ቁልፉ ተንጋዶ ከያዘ ወይም እየፋቀ ከወረደ ይተዉት፤ በፍጥነት ሲጽፉ መሐሉን የሚመታ ጣት የለምና። ስፔስ ባርን፣ ኢንተርንና ሺፍትን ከግራም ከቀኝም ጫፍ ይሞክሩ። በእኔ እምነት ኪቦርድ ገመናው የሚወጣው በስፔስ ባሩ ነው። በመጨረሻም ሁለቱን ጫፎች ይዘው በቀስታ ጠምዘዝ ያድርጉት፤ እንደ ካርቶን የሚታጠፍ ከሆነ ሲጽፉበትም ይረግባል። አንዳንድ ሻጭ ፊቱን ያጠቁር ይሆናል፤ ገንዘቡ ግን የእርስዎ ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሌላ ዘዴ አለ። ብዙ የማይነካውን፣ ለምሳሌ ኤፍ 12ን ይጫኑና ከአናባቢ ቁልፎቹ ጋር ያወዳድሩ። ጎማ በአጠቃቀም ይደክማል፤ አማርኛ ሲጻፍበት በነበረ ኪቦርድ ላይ ከሁሉ በፊት የሚደክሙት አናባቢዎቹ ናቸው። ልዩነቱ ከጎላ ዕድሜው አልቋል። ክቡን የድሮ መሰኪያ ያለው ከሆነ ደግሞ ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው ተራ መቀየሪያ በሁሉም ኪቦርድ ላይ ስለማይሠራ ሳይሞክሩ አይክፈሉ።

የላፕቶፕ ቁልፍም በብዛት ጎማ ነው። እንደ መቀስ የተቆላለፉ ሁለት ፕላስቲኮች ስለሚይዙት ጥጉን ቢጫኑትም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጉዞው አጭር ስለሆነ ግን ወለሉ ቶሎ ይመጣል።

ጎማ የድሃ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን ለማየት የጃፓኑን ቶፕሬ መመልከት ይበቃል። በእርሱም ውስጥ ያለችው ያቺው የተደፋች ጎማ ናት። ከሥሯ የሾጣጣ ቅርጽ ያለው ቀጭን ሽቦ ተጨምሮላት፣ ንክኪ ሳያስፈልግ በኤሌክትሪክ መጠን ለውጥ ይመዘግባል። ከ2003 ጀምሮ የወጣው ሃፒ ሃኪንግ ፕሮፌሽናል የሚሠራው በዚህ ሲሆን ዋጋው ከ200 ዶላር በላይ ነው። ጣት የሚሰማው ምቾት በአብዛኛው ከጎማዋ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከተራዎቹም መሐል ቢፈልጉ የሚቀርበው አይጠፋም።

ደህናውን ካገኙ በኋላ ሻይ ቢፈስበት ወዲያው ይንቀሉት፣ ይክፈቱት፣ ንጣፎቹን ለያይተው በደንብ ያድርቁ። በአንዳንዱ ኪቦርድ ጎማዎቹ በአንድ ንጣፍ ሳይያያዙ ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ከሆነ የደከሙትን የአናባቢ ጎማዎች ብዙም ከማይነኩት ከኤፍ ቁልፎች ጎማ ጋር ማለዋወጥ ይቻላል፤ መጠናቸው እኩል መሆኑን ግን አስቀድመው ይዩ።